ያልተወለወለው ሀብል

ቅናተኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። በባሏ የማትቀና ሴት ካለች ወይ ባል የላትም፣ ወይ ባሏ የሚያስቀና አይደለም። የኔው ብርሃነመስቀል ያስቀናል። በቁመናው አይደለም፤ ቁመቱስ ከኔ ብዙም አይበልጥም። በጣቶቹ ነው። ረጃጅም፣ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ የቅርንፉድ ዘይት የሚሸቱ ጣቶች ነበሩት። እነዚያን ጣቶች የሰው ሚስትና የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ሲያዞር ይውላል። ሥራው ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነው። ወረቀቱስ «ረዳት» ነው የሚለው፤ የአርባ ምንጭ ሰው ግን ዶክተር ብሎ ሰየመው፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

እኔ ወለቴ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። የተጋባነውም እዚያው ነው። በደርግ ጊዜ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ዕቃ ከአገር አገር በሚጫንበት ሰሞን፣ ወደ ጋሞ ጎፋ አዛወሩትና ተከትዬው መጣሁ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ማንጎና ሎሚ ያለበት ግቢ አገኘን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመንግሥት ክሊኒክ ጥርስ ይነቅላል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የቤታችንን የፊት ክፍል ከፍቶ በግሉ ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ የሚዘረጋ ወንበር፣ በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር መሰርሰሪያና አንድ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ሚሊሺያዎች ተኩስ ከሚለማመዱበት ሜዳ የተለቀሙ የጥይት ቀለሃዎች ተደርድረዋል፤ የመሰርሰሪያውን መርፌዎች በነሱ ውስጥ ያቆማቸዋል። አንዳንዴ በዛ ይላሉ፣ አንዳንዴ ያንሳሉ። በዚያ ክፍልና በኔ ጓዳ መካከል ያለው መጋረጃ እንጂ በር አይደለም። በር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ነገሬ እንዲገባችሁ ከደብረ ታቦር ልጀምር። ገና በተጋባን ሰሞን አንዲት የነጋዴ ልጅ የፊት ጥርሴን ወርቅ አልብስልኝ ብላ መጣች። ጥርሷ ደህና ነው፤ የፈለገችው ለጌጥ ነው። ቆንጆ ናት፣ ወርቁንም ይዛ ነው የመጣችው። እሱ ግን መለሳት። ምሳ ላይ ለምን እንደመለሳት ስጠይቀው፣ «ጤነኛ ጥርስ አይነካም፤ ትምህርት ቤት የገባን ቀን የማልንበት ቃል ነው» አለኝ። «ወርቅ ለማልበስ ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል። ጥርስ ጥፍር አይደለም፣ ተመልሶ አይበቅልም። ቀስ እያለ ከውስጥ ይሞታል።» ከዚያ አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ። የኔ ጥርስ የሚታይ ጥርስ ነው። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ወተት ነው፤ ድዴንም እናቴ በልጅነቴ አስነቅሳኝ ጥቁር ነው። «እዚህ ላይ ሞረድ የሚያሳርፍ እጁ ይቆረጥ» አለ። ሌላው ባል ለሚስቱ ዓይንሽ፣ አንገትሽ ይላል፤ የኔው ጥርስሽ ነው የሚለው። እኔም ኮራሁበት። ወንዝ ወርጄ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁት፤ ባሌ ለወርቅም ለቆንጆም የማይበገር ሰው ነው ብዬ።

አርባ ምንጭ ስንመጣ ያ ቃል ምን እንደነካው እንጃ። በከተማው ወርቅ ጥርስ ወረት ሆነ። መጀመሪያ ያስለበጠችው ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣች የምትሸጠው ማሚቱ ናት፤ የሷስ ጥርሷ ተሸርፎ ስለነበር አልፈረድኩም። ከሷ በኋላ ግን ደህና ጥርስ ያላቸው ሁሉ ይመጡ ጀመር። በዚያን ጊዜ ወርቅ ሱቅ ተገብቶ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ወርቋን ራሷ ይዛ ትመጣለች፤ ጉትቻዋን፣ ቀለበቷን፣ የአያቷን ቁራጭ። እሱ አቅልጦ ጥርስ ያደርግላታል።

«ብርሃኔ፣ ጤነኛ ጥርስ አይነካም አላልክም?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ወለቴ፣ ዘመኑ ነው። እኔ ባልሠራላቸው ገበያ ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይሠራላቸዋል» አለኝ።

እሺ አልኩ። ብዙዎቹ እናቴን የሚያክሉ ናቸውና ነገሩን አላከረርኩትም። አስቴር እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

አስቴር ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት። ወንድሟ ኦይታ ተራራው ላይ ይሸምናል፤ እሷ ሸማውን ሲቀላ ገበያ አውርዳ ትሸጣለች። ጠይም ናት፣ ረዥም ናት፣ ያን ሁሉ ሸማ ተሸክማ ስትሄድ እንኳ አንገቷ አይጎብጥም። ስትናገር ድምጿ ለስለስ ያለ ነው። አማርኛ በትምህርት ቤትና በገበያ የለመደችው ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅለዋለች፤ እንዲያም ሆኖ ያምርባታል። እንከን ፈልጌ ያጣሁባት ሴት ናት፤ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር አለ?

የመጣች ቀን መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማኋት። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈትታ የእናቷን ጉትቻ አወጣች። «እናቴ ጌታን ከተቀበለች በኋላ ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጌጥ አይወዱም» አለችው። «ስትሞት ለኔ ሰጠችኝ። ላገባ ነው፤ ለሠርጌ ጥርስ ይሁን ብዬ ነው።» ባል የሚሆናት ዘካሪያስ የሚባል የካምባ አስተማሪ ነው። ጆሮ ላይ ኃጢአት የሆነ ወርቅ አፍ ውስጥ ሲገባ ይጸድቃል እንዴ፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠግቼ አንዲት ቃል ጠበቅሁ። ጤነኛ ጥርስ አይነካም ሊላት ነው ብዬ። ጥርሷን አይቻለሁ፤ አንድ ጉድለት የለበትም።

እሱ ግን «ትንሽ ያምሻል፣ ቻይው» አላት። መሰርሰሪያው ሲሽከረከር ሰማሁ።

እዚያ ላይ ነው እሳት የጎረስኩት። ለደብረ ታቦሯ ቆንጆ ያልፈረሰ መሐላ ለዚህች ምን ቢያገኝባት ፈረሰ? አሮጊቶቹን ዘመን ነው አልኩ፤ ይህችን ግን ዘመን ነው ብዬ ሆዴን ማታለል አልቻልኩም። ሰው ሕጉን የሚጥሰው ለሚወደው ነው።

ይባስ ብሎ ተሠርቶላትም አላበቃም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትመጣለች። ሌሎቹም ይመጣሉ፣ የሷ ግን ይለያል፤ ለኔ ይለያል። «ወርቅ አፍ ውስጥ ሲውል መወልወል አለበት» ይላቸዋል ሁሉንም። «ሎሚ አታብዙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ በሉ።» መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። አስቴር ወንበሩ ላይ ተንጋላ ዓይኗን ትጨፍናለች። እሱ ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በነጭ ጨርቅ ይወለውላል፣ ይወለውላል፤ የመስኮት መስታወት እንኳ እንዲህ አይወለወልም። አንድ ቀን «ድዱ ናት ያመመችኝ» አለችው። ሳቅ አለ። በአማርኛዋ እኮ ነው የሳቀው! እኔ ስቀልድለት እንኳ ፈገግ የማይለው ሰው።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ስትወጣ እየሳቅሁ ነበር የምሸኛት። «ደህና ዋይ አስቱ» እላታለሁ። እሷም ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» ትላለች። በሩን ስዘጋ ሳቄንም አብሬ እዘጋዋለሁ።

ለፋሲካ ሀብል ሰጠኝ። ወፍራም፣ ቀይ ወርቅ፣ ከደረቴ ላይ የሚያርፍ። «የእናቴ ውርስ ነው፣ ከአገር ላኩልኝ» አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት በሆዴ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብዬ ነው። ወንድ ያለ ጥፋቱ ወርቅ አይሰጥም። ከዚያ ቀለበት መጣ፣ እሱም ውርስ ነው። እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ አፈር ይቅለላቸውና ሲሞቱ ያስቀሩት ላምና ጋቢ ነው። ግን አልጠየቅሁትም። የማውቀውን አውቄ ነበር፤ ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለሷ ጥርስ ይሠራል፣ ለኔ ደግሞ አፍ መዝጊያ ይሰጣል ብዬ ደመደምኩ። ሀብሉን አጥልቄ ነበር የምውለው፣ ግን እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር።

ሠርጓ ሲቃረብ ነገሩን ከሥሩ ላየው ብዬ ገበያ ወረድኩ። ሸማ የምገዛ መስዬ ፊቷ ቆምኩ። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ሳሮ እትዬ ወለቴ!» ብላ በጋሞኛ ሰላም አለችኝ፤ «ፀሐይ ነው፣ ወደ ጥላው ግቡ።» ዱንጉዛውን፣ ያን ቀይና ቢጫና ጥቁር ያለበትን፣ ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ የማየው ሸማውን አይደለም። የተጠበሰ በቆሎ ይዛ ነበር፤ በአንድ ጎን ነው የምታኝከው። ወርቁ ባለበት በኩል ከንፈሯ እብጥ ብሏል።

«ያምሻል እንዴ?» አልኳት።

«ትንሽ። ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል።» ወደኔ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ለዶክተር አይንገሩብኝ፣ እትዬ። ብዙ ደክሞልኛል፤ ከሰማ ያዝናል።»

ያዝናል! የኔ ባል ስለሷ ሲያዝን እኔ ልደብቅላት? ዓይኔ ደም ለበሰ። ሸማውን ሳልገዛ፣ ደህና ዋይ ሳልላት ተመለስኩ። መንገድ ላይ ስለ ሠርጉ አሰብኩ። ካምባ ሩቅ ነው፤ ካገባች ትሄዳለች፣ ይገላግለኛል ማለት ይቻል ነበር። ቅናት ግን እንዲህ አያስብም። ከመሄዷ በፊት ማወቅ አለብኝ ነው የሚለው። ባሌ የኔ ብቻ ነው ወይስ አይደለም? ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ቤት ገብቼ ሀብሉን ከአንገቴ አውልቄ ምሳ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት።

«ይህን አቅልጠህ ጥርስ አድርግልኝ። እዚህ ጋ፣ አስቴር ያስደረገችበት ቦታ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እንዳልቀለድኩ ሲያይ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ያንቺ ጥርስ ደህና ነው» አለ።

«የሷስ ታሞ ነበር?»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ሕግ አለን ወለቴ፣ ታውቂያለሽ።»

«ሕጉ እሷ ወንበሩ ላይ ስትወጣ የት ሄዶ ነበር?»

«በእናትሽ ተይኝ» አለና ተነሥቶ ወጣ። ወጡ እንዳለ ቀረ። ሀብሉን መልሼ አጠለቅሁት። ለሌላዋ ያደረገውን ለሚስቱ እንቢ ያለ ባል መልሱን ሰጥቶኛል አልኩ። ግን ከአፉ ልሰማው ፈለግሁ፤ ሰው ፊት።

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ባለው አግዳሚ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ማሚቱ ተራዋን ለመጠበቅ ቀድማ ወደ ክፍሉ ገብታለች፤ አስቴርም ተራዋ ደርሶ ከወንበሩ አጠገብ ቆማለች። እሱ ነጩን ጨርቅ እያጠፈ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፤ አስቴርን በክንዴ ገፋ አደረግሁና ወንበሩ ላይ ራሴ ተዘረጋሁ።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው» አልኩ።

«ወለቴ ውስጥ ግቢ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«አልገባም። ወርቁ ይኸው አንገቴ ላይ ነው፣ ጥርሱም ይኸው። ለሚስትህ የማታደርገውን ለዚህች ስታደርግ ምንህ ሆና ነው? እዚሁ፣ ሴቶቹ ፊት ንገረኝ።»

ውጭ የነበሩት ሴቶች በሩ ላይ ተጠጋግተው ቆሙ። አስቴር አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። «እትዬ፣ ምን እያሉ ነው?» አለች። ማሚቱ ግን ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ሳቋን ለቀቀችው። «ወይ ጉድ! ሚስትህ ናት ዶክተር፣ አድርግላትና ይለቅልን! እኛም ተራ አለን» አለች።

ሌሎቹም ሳቁ። እሱ ላብ አጠመቀው። የሚያመልጥበት ሲያጣ ሞረዱን አነሣ። እኔም አፌን ከፈትኩ። እጁ ፊቴ ላይ ደረሰ፤ የቅርንፉዱ ሽታ ሸተተኝ። የሞረዱ ብረት ጥርሴን ነካ አደረገው፤ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። እጁን ልይዘው አልኩ፤ አልያዝኩትም፤ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እጁን ከአፌ አወጣ። ሞረዱን ወርውሮ ግድግዳው ላይ አጋጨው።

«አልችልም!»

«ለምን?» አልኩ።

«ይሞታላ! ጥርስሽ ይሞታል፣ ድድሽ ይመግላል፣ ነገ በጉጠት ነቅዬ የምጥለው እኔው ነኝ! ሚስቴ ነሽ እኮ ወለቴ። ባንቺ ላይ አላደርገውም!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለምን እዋሻለሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲያ አልተደሰትኩም። ለኔ ብቻ ነው የሚሳሳው! ወዲያው አንገቴን አዙሬ አስቴርን አየኋት፤ መሸነፏን ፊቷ ላይ ላነብ።

በእጇ አፏን ይዛለች።

«የኛስ ዶክተር?» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የኛስ ጥርስ አይሞትም?»

እሱ ያን ጊዜ የተናገረውን ሰማው መሰለኝ። መሬት መሬት እያየ «የናንተ... የናንተ እኮ በየጊዜው ይወለወላል፤ ለዚያ ነው ችግር የሌለው» አለ።

አስቴር ወደ አንገቴ ጠቆመች። «የእትዬስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለወላል?»

እኔ ዝም ብል ኖሮ። ግን በድል ላይ ያለች ሴት ዝም ትላለች? ያ ሀብል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልሎኝ ነበር። ባሌ የሰጠኝ፣ ለኔ ብቻ የሰጠኝ ነው። ከደረቴ ላይ አንሥቼ ፊቷ አወዛወዝኩት።

«ምን በወጣው ይወለወላል? ወርቅ እኮ ነው! ካጠለቅሁት ጀምሮ ጨርቅ ነክቶት አያውቅም። ገላዬን ታጥቤበታለሁ፣ ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ ይኸው፣ እንዳለ ነው!»

ብርሃነመስቀል ዓይኑን ጨፈነ። ለምን እንደጨፈነ ለኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ ለሴቶቹ ግን ገባቸው። ማሚቱ ሳቋን አቁማለች። ዓሣ የምትበልትበትን ያን ጠንካራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ያዘች፤ ጠመዘዘች። ጥርሷን ያለበሰው ሽፋን ተንቋቅቶ ወጣ። በመዳፏ ይዛ መጥታ ከሀብሌ አጠገብ አስጠጋችው። ከውጭ ዳለቻ ነው። ከውስጥ አረንጓዴ፣ ዝገት ያነቀው። ሽታው አፍንጫ ይወጋል። አፏ ውስጥ የቀረው ጉማጅ ከሰል መስሏል።

«ይህን ቀለም አውቀዋለሁ» አለች ማሚቱ። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ሄደ፤ የሁላችንም ዓይን ተከትሎ ሄደ። ቀለሃዎቹ መርፌ ተሸክመው በሰልፍ ቆመዋል። «ልጄ ሚሊሺያ አይደል? ኪሱ ሙሉ እያመጣ ይጫወትበታል። በጥይት ቀለሃ ነው ለካ አፋችንን የሞላኸው! ወርቃችንስ የት ገባ?»

ግቢው ተንጫጫ። አንዷ ትራገማለች፣ አንዷ መስታወት ስጡኝ ትላለች፣ አንዷ ሎሚው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ አሁንም ወንበሩ ላይ ነኝ። አስቴር ወደኔ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሀብሉን ከደረቴ ላይ በሁለት ጣቷ አነሣችው፤ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ሄደች።

«የናቴ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔም ዘለበቶቹን አየኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የሚያበራ። የጉትቻው የትኛው ነው፣ የቀለበቱ የትኛው ነው፣ የማሚቱ የትኛው ነው? ብርሃነመስቀል አጠገቤ ተንበርክኮ ነበር። ለሷ አንድ ቃል አልተናገረም። ለነዚያ ሁሉ ሴቶች አንድ ቃል አልተናገረም። የሚያየው እኔን ብቻ ነው።

«ላንቺ ብዬ ነው ወለቴ» አለ። «ከአገርሽ ነቅዬ አምጥቼሽ፣ ባዶ አንገትሽን ሳይ... ላንቺ ብዬ ነው።»

«መቼ ጠየቅሁህ!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ ሙሉ የቀናሁት ለዚህ ነው? የሌላ ሴት ስም ቢጠራልኝ ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጫለሁ፤ ይህን ምን አደርገዋለሁ?

የቀረው ቶሎ ሆነ። ማሚቱ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ቃሏ የሚሰማላት ሰው ነበረችና ቀጥታ ቀበሌ ሄደች። ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት፤ መሰርሰሪያውንና ቀለሃዎቹን በጆንያ ይዘው ሄዱ። ሀብሉንና ቀለበቱን ራሴ አውልቄ ሰጠሁ። ተፈረደበት፤ ዳግመኛ የሰው ጥርስ እንዳይነካም ታዘዘ። ወርቁን ለባለቤቶቹ እንመልስ ሲባል ማን ምን ያህል እንደሰጠ፣ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣሉበት። አስቴር ልትጠይቅ እንኳ አልሄደችም አሉ። የሷን ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሌላ ሰው ነቀለላት፤ ተገምሶ በሁለት ወጣ። ዘካሪያስ ደህና ሰው ኖሮ ሠርጉን አላስቀረም። በሠርጓ ቀን ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር አሉ። የኔን ነገር ጎረቤቶቼ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያሉ ይተርቱታል። ይተርቱ። ላውቅ ፈልጌ ነበር፣ አወቅሁ፤ ባሌ የኔ ብቻ ነበር።

እስር ቤት ስንቅ እወስድለታለሁ። ከስቷል፤ ጣቶቹ ሻክረዋል፤ ቅርንፉድ አይሸቱም። አንድ ቀን ሳህኑን ተቀብሎኝ በአጥሩ ክፍተት ብዙ አየኝና፣ «እስቲ ሳቂ፣ ጥርስሽን ልየው» አለኝ። በዚህ ሁሉ መካከል የናፈቀው ይህ ነው! አልሳቅሁለትም። ወደኋላዬ ዞር ስል የሌሎች እስረኞች ሚስቶች ያዩኛል፤ አንዷ ማሚቱ ጋ ዓሣ የምትገዛ፣ አፏ እዚህ ጋ ባዶ የሆነ ናት።

ከዚያ ስመለስ በገበያው ነው የማልፈው። አንዲት የሙዝ ነጋዴ ከደንበኛዋ ጋር በቀልድ ትሰዳደባለች፤ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ነጠላዬን ጎትቼ አፌን ሸፈንኩ። ቀና ስል አስቴር ከሸማዎቿ ኋላ ተቀምጣ ታየኛለች። የወንድሟን ሸማ ልትሸጥ ከካምባ መጥታ ኖሯል። እሷም መዳፏ አፏ ላይ ነበር። ቀስ ብላ አወረደችው። የፊቷ ጥርስ የነበረበት ቦታ ጥቁር ክፍተት ነው።

አፌ ላይ የያዝኩትን ነጠላ አየች። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምጿ፣ እትዬ ሳትለኝ፣ «አንቺ ምን ጎደለሽ?» አለችኝ።

ነጠላዬን ከአፌ ሳላነሣ ባዶውን ሳህን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።